ከኢምፓላው ኮረብታ እስከ ምቡሮ ሐይቅ



ወታደር ከሀገሩ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ትጥቁን አጥብቆ ነው። እኛ በዚህ ጊዜ የወጣነው ግን ልጅ ለመጠየቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት በሠራዊቱ ያገለገለ ባልና በየካምፑ እየተከተለች ጎጆ የቀለሰች፣ ልጆች ያሳደገች ሚስት፣ ሁለታችንም በአንድ እጃችን ሻንጣ፣ በሌላው የበርበሬና የሽሮ ከረጢት ይዘን ወደ ኡጋንዳ ዋና ከተማ ወደ ካምፓላ ተጓዝን። ሁለተኛዋ ልጃችን እዚያ በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ለምረቃዋ የሚያስፈልጋትን የተግባር ልምምድ የምትፈጽመው ደግሞ በዱር እንስሳት ጥበቃ ዘርፍ፣ በትምህርት ክፍል ተለማማጅ ሆና ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህን በደብዳቤ ስትገልጽልን ደስ አላለንም። እናት ልጇ ነጭ ካባ ለብሳ በመድኃኒት ቤት ውስጥ እንድትቆም ትመኝ ነበር። አባትም፣ «ይህን ያህል ዓመት ተምሮ ለሕፃናት ጦጣ ማሳየት ምን ዓይነት ሙያ ነው?» ሲል አጉረመረመ። ስለዚህ ጉዞአችን ለናፍቆት ብቻ አልነበረም፤ ልጅቱን መክረን ሌላ መስክ እንድትመርጥ ለማድረግም ጭምር ነበር። ያየነውንና የሆነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ካምፓላ እንደ አዲስ አበባ በኮረብታዎች ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ጥንት በሰባት ኮረብታዎች ላይ ተቆረቆረች ይባላል፤ ዛሬ ግን ሰባቱን አልፋ በብዙ ኮረብታዎችና ሸለቆዎች ላይ ተንሰራፍታለች። አፈሯ ቀይ ነው፤ ዝናቧ ድንገት መጥቶ ድንገት ይሄዳል፤ ሙዝ በየጓሮው ይበቅላል። ምግባቸውም ከዚሁ ነው፤ ማቶኬ የሚሉትን አረንጓዴ ሙዝ በቅጠል ጠቅልለው በእንፋሎት ያበስሉታል። በጎዳናው ላይ ቦዳ ቦዳ የሚባሉት ሞተር ብስክሌቶች እንደ ንብ መንጋ ይተማሉ። እኛ ያረፍንበት ካባላጋላ የተባለው ሰፈር ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት በመሆኑ እንጀራም ቡናም አላጣንም። ማታ ማታ የጀበናው ሽታ ሲመጣ ከቤታችን ርቀናል ብሎ ለማመን ያዳግት ነበር።

በመጀመሪያው እሑድ ልጃችን ወደ አሮጌው ካምፓላ ኮረብታ ወሰደችን። እዚያ የኡጋንዳ ብሔራዊ መስጊድ አለ፤ ጎብኚ ከ300 በላይ ደረጃ ወጥቶ ከሚናራው ላይ ከተማይቱን በሙሉ እንዲያይ ይፈቀድለታል። እናት ነጠላዋን ተከናንባ፣ አባትም ጉልበቱን እያሻሸ ወጣን። ላይ ስንደርስ ልጃችን፣ «አባባ፣ የከተማው ስም ከምን እንደመጣ ያውቃሉ?» ስትል ጠየቀች። አናውቅም አልናት። እርስዋም እንደሚከተለው አስረዳችን።

የቡጋንዳ ነገሥታት ካባካ ይባላሉ። በእነርሱ ዘመን በዚህ ኮረብታ ላይ ኢምፓላ የሚባል፣ ቀይ ቡናማ ጸጉርና የተጠማዘዘ ቀንድ ያለው፣ ከሚዳቋ ተለቅ የሚል እንስሳ በመንጋ ይሰማራ ነበር። እንግሊዞች በመጡ ጊዜ ቦታውን የኢምፓላ ኮረብታ አሉት፤ የሀገሬው ሰው ይህንኑ ወደ ራሱ ቋንቋ መልሶ ሲጠራው ካምፓላ የሚለው ስም ጸና። በ1890 ሉጋርድ የተባለው የእንግሊዝ መኮንን በዚሁ ኮረብታ ላይ ምሽግ ሠራ። ከምሽጉ በኋላ ከተማ መጣ፤ ከከተማው በኋላም ዛሬ የቆምንበት ታላቅ መስጊድ ተሠራ።

ከሚናራው ላይ ዙሪያውን ተመለከትን። ጣራና መንገድ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላትና የፎቅ መስኮት እንጂ አንድም ኢምፓላ አልነበረም። በየዛፉና በየጣራው ላይ በብዛት ያየነው አባ ኮዳን ብቻ ነው፤ ሐዋሳ የኖራችሁ አንባብያን በዓሣ ገበያው ዳርቻ የምታውቁት፣ ራሰ በራውና ከረጢት አንገቱ ወፍ ማለት ነው። በካምፓላ የቆሻሻ ክምር ላይ እንደ ሽማግሌ እየተጎማለለ ይለቃቅማል። ልጃችንም ወደ እርሱ እያመለከተች፣ «ቆሻሻውን የሚወደው ቀረ፤ ሣሩን የሚወደው ሄደ። ለዚህ ከተማ ልጆች ኢምፓላ የቦታ ስም ነው፤ ብዙዎቹ እንስሳውን በዓይናቸው አላዩትም» አለችን። አባት ነገሩን ሰምቶ ዝም አለ።

በማግሥቱ ወደ ሥራ ቦታዋ አብረናት ሄድን። ማዕከሉ የሚገኘው ከካምፓላ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በተቀመጠችው በኢንቴቤ ነው። ጠዋት በታክሲ መናኸሪያው ውስጥ ነጭ ቀለም የተቀቡ ሚኒባሶች በመቶ እየተደረደሩ ይጮሃሉ፤ ቦታ ያዝንና ተጓዝን።

የኡጋንዳ የዱር እንስሳት ጥበቃ ትምህርት ማዕከል ራሱ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም፤ የአሥሩ ብሔራዊ ፓርኮች ትምህርት ቤት ነው ቢባል ግን ስሕተት አይሆንም። በ1952 በቅኝ አገዛዙ ዘመን ሲቋቋም ዓላማው እናት የሞተችባቸውን፣ የቆሰሉትንና ከአዳኝ እጅ የተቀሙትን እንስሳት መጠለያ መስጠት ነበር። ከጊዜ በኋላ ሰው እንስሳ ለማየት የሚመጣበት ሥፍራ ሆነ። በ1994 ግን ዋና ተግባሩ ማስተማር እንዲሆን ተወሰነ። በዚያ ቀንም ሦስት አውቶቡስ ሙሉ ተማሪዎች በሩ ላይ ይጠባበቁ ነበር።

ልጃችን የመስክ ልብሷን ለብሳ ፊታቸው ቆመች። መጀመሪያ ያሳየቻቸው በሀገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ያለውን፣ በራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ጉንጉን የደፋውን ረጅም እግር ወፍ ነው። ቀጥላ ጫማ የመሰለ ግዙፍ ምንቃር ወዳለው፣ እንደ ዘብ ሳይንቀሳቀስ ለረጅም ጊዜ ወደሚቆመው የረግረግ ወፍ ወሰደቻቸው። ሕፃናቱ ሳቁ፤ እኛም ሳቅን፤ ከዘብ ጠባቂዎቻችን መካከል እንደርሱ የማይነቃነቅ ባገኘን ብለን ተመኘን። ኋላም ቺምፓንዚዎቹ ወደሚኖሩበት ሥፍራ ደርሰው ሲቀመጡ ከቦርሳዋ አንድ ነገር አውጥታ ከእጅ ወደ እጅ አሳለፈች። ተራ የሽቦ ቀለበት ነበር። ወጥመድ ነው።

«ይህ ሽቦ የያዘውን አይመርጥም» አለቻቸው። «ለሚዳቋ ተብሎ ይጠመዳል፤ የቺምፓንዚ እጅ ይይዛል። እንስሳው ሲታገል ሽቦው ይጠብቃል፤ ቢያመልጥ እንኳ እጁ ይቆረጣል።»

አንድ ትንሽ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ወጥመዱን የሚያስቀምጠው ክፉ ሰው ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኛ አዎን እንድትል ጠበቅን። እርስዋ ግን፣ «ብዙ ጊዜ ልጆቹ የተራቡበት ሰው ነው። ስለዚህ ሥራችን እርሱን መስደብ አይደለም፤ እርሱም ልጆቹም የሚኖሩበትን ሌላ መንገድ መፈለግ ነው» ብላ መለሰች።

በዚህ ጊዜ ከሁለታችን አንዱ፣ ወታደሩ፣ ፊቱን ወደ ሐይቁ መለሰ። ለምን እንደመለሰ ወደ ኋላ እንናገራለን።

ማታ በካባላጋላ ቡና ስንጠጣ ልጃችን ማዶ ያለውን የኪቡሊን ኮረብታ አሳየችን። በዚያ ኮረብታ ላይ በሚገኘው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረች አንዲት ሴት ለእርስዋ ሙያ አርአያ ናት። ስሟ ዶክተር ግላዲስ ካሌማ ዚኩሶካ ይባላል። አባቷ ሚኒስትር ነበሩ፤ በ1972 በኢዲ አሚን ዘመን ታፍነው ተወስደው ሲገደሉ እርስዋ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች። በኪቡሊ ስትማር ተቋርጦ የነበረውን የትምህርት ቤቱን የዱር እንስሳት ክበብ እንደገና አቋቋመች። በኋላ የእንስሳት ሕክምና ተምራ የሀገሪቱ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን የመጀመሪያዋ የእንስሳት ሐኪም ሆነች። በ1996 በብዊንዲ ደን የተራራ ጎሪላዎች በእከክ ሲታመሙ በሽታው የመጣው ከሰው መሆኑን ተረዱ። የደኑ አጎራባች ሰዎች ጤና ካልተጠበቀ የጎሪላውም ጤና እንደማይጠበቅ በመገንዘብ በ2003 የሰውንና የእንስሳን ጤና አንድ ላይ የሚከታተል ድርጅት መሠረተች። የተራራ ጎሪላዎች ቁጥር በ2018 ይፋ በሆነው መረጃ ከ1,000 አልፏል።

እናት ይህን ስትሰማ ሲኒዋን አስቀመጠች። አባቷን ጠመንጃ ያዦች የወሰዱባት ልጅ፣ ለበቀል ሳይሆን ለሕይወት ጥበቃ መነሣቷ ልቧን ነካው። «የአንድ ትምህርት ቤት ክበብ ይህን ያህል ያደርሳል ለካ!» አለች።

እንደሚታወቀው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ኡጋንዳ የጦርነትና የሥርዓት አልበኝነት ዘመን አሳልፋለች። ጠመንጃ በሁሉም እጅ ገባ፤ ጥይት ረከሰ። የታጠቀ ሁሉ፣ ወታደሩም ሽፍታውም፣ ለሥጋና ለዝሆን ጥርስ ሲል ወደ ፓርኮቹ ገባ። በምዕራብ በሚገኘው በንግሥት ኤልሳቤጥ ብሔራዊ ፓርክ በሺህ ይቆጠሩ ከነበሩት ዝሆኖች በ1980 የተረፉት 150 ያህል ብቻ ነበሩ። አውራሪስ ደግሞ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሀገሪቱ ፈጽሞ ጠፋ። አውራሪስን ለመመለስ ከ2005 ጀምሮ ከኬንያና ከአሜሪካ ስድስት አውራሪሶች ተገዝተውና ተለግሠው ዚዋ ወደሚባል የተከለለ ሥፍራ መጡ። በ2009 የመጀመሪያው ግልገል ሲወለድ አባቱ ከኬንያ እናቱ ከአሜሪካ በመሆናቸው ኦባማ ብለው ሰየሙት። ጥፋቱ የተፈጸመው በጥቂት ዓመታት ጥይት ነው፤ ለመመለስ ግን ሌላ ትውልድ ፈጀ።

በሦስተኛው ሳምንት ልጃችን ከአንድ ትምህርት ቤት ክበብ ልጆች ጋር ወደ ምቡሮ ሐይቅ ብሔራዊ ፓርክ ስትሄድ እኛም በአውቶቡሱ ውስጥ ቦታ ተሰጠን። ፓርኩ ከካምፓላ በስተ ምዕራብ ወደ ምባራራ በሚወስደው መንገድ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። በመንገድ ላይ የምድር ወገብ የሚያልፍበት ሥፍራ አለ፤ ወርደን አንድ እግራችንን በሰሜን፣ አንዱን በደቡብ አድርገን ፎቶግራፍ ተነሣን። ከዚያ ሮሌክስ የሚሉትን፣ እንቁላል በቂጣ የተጠቀለለበትን የመንገድ ምግብ በልተን ቀጠልን።

ልጃችን በአውቶቡሱ ውስጥ ለሕፃናቱ የፓርኩን ታሪክ ነገረቻቸው። ምቡሮ በ1983 ብሔራዊ ፓርክ ሲባል በውስጡ ከብት ያረቡ የነበሩ ሰዎች በኃይል እንዲወጡ ተደረጉ። በ1985 መንግሥት ሲወድቅ ሰዎቹ ተመለሱ። ቂም ይዘው ነበርና የፓርኩን ቤቶች አፈረሱ፤ መሬቱን ዳግመኛ የሚፈልገው እንዳይኖር እንስሳቱን ፈጁ። በ1987 ፓርኩ እንደገና ሲከለል ከቀድሞ መሬቱ የተረፈው ከግማሽ ያነሰ ነበር። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ግን ሌላ መንገድ ተያዘ። የፓርኩ ሠራተኞች በየመንደሩ እየዞሩ ከሰዎቹ ጋር መወያየት፣ ልጆቻቸውን ማስተማር ጀመሩ። በሕግም ከፓርኮች የመግቢያ ገንዘብ ከመቶ 20 ለአጎራባች ሕዝብ እንዲሰጥ ተደነገገ፤ በዚህም ገንዘብ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ይሠራሉ።

ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አልነበረም። በ1991 በሀገራችን መንግሥት ሲለወጥ በበርካታ ፓርኮቻችን የሆነው ይኸው ነው፤ ቤቶቹ ተዘረፉ፣ እንስሳቱ ተገደሉ። ጠመንጃ ብቻውን የጠበቀው ነገር ጠመንጃው ዞር ሲል ጠባቂ ያጣል።

ፓርኩ በር አልፈን ጥቂት እንደተጓዝን አውቶቡሱ ቆመ። በግራር ዛፎች መካከል በሣሩ ላይ ቀይ ቡናማ መንጋ ተሰማርቷል። ወንዱ የተጠማዘዘ ቀንዱን ቀና አድርጎ አየን። «ኢምፓላ!» ብላ አንዲት ልጅ በሹክሹክታ ተናገረች። የከተማዋ ስም እዚህ በእግሩ ቆሞ ሣር ይግጣል። በአውቶቡሱ ውስጥ የነበሩት ሕፃናት ሁሉ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ከአምስት ደቂቃ በላይ አንድም ድምፅ አልተሰማም።

ከምሳ በኋላ ልጃችን ወደ አባቷ ቀርባ፣ «አባባ፣ ለልጆቹ ስለ ሀገራችን እንስሳት ጥቂት ይንገሩልኝ፤ እኔ እተረጉማለሁ» አለችው። ሊሸሽ ሞከረ፤ አልቻለም። ስለ ሰሜን ተራሮች ዋልያ፣ ስለ ባሌ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ተናገረ። ከዚያ ግን ያላሰበውን ንግግር ጀመረ፤ ቃሉን እንደነበረ እናቀርበዋለን።

«ወጣት ወታደር ሳለሁ በቆላ አገር ሰፍረን ነበር። ስንቅ አላነሰንም፤ ሰለቸን እንጂ። አንድ ቀን ከሰፈራችን አጠገብ አንድ ሳላ ብቻውን ቆሞ አየሁ። ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለ ረጅም ነው። በአንድ ጥይት ጣልሁት። ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ። ያን ቀን እንደ ጀግና ተቆጠርሁ። ከዚያ ጀምሮ ሁሉም ይተኩስ ጀመር። ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያ ሜዳ ላይ አንድም ሳላ አይታይም ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ለማንም አልተናገርሁም።»

እናት በሠላሳ ዓመት ትዳር ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ልጃችን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ስትተረጉም ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

አንድ ልጅ፣ «ሥጋው ይጣፍጣል?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ሳቁ። አባትም፣ «ይጣፍጣል፤ ውሸት አልነግርህም። ጣዕሙ ግን ያን ዕለት ማታ አለቀ» ብሎ መለሰ። ቀጥላ አንዲት ልጅ፣ «ልጅዎስ ሳላ አይታለች?» አለች። አባት ወደ ልጃችን ተመለከተ። አላየችም። ስሙን ታውቃለች፤ በመጽሐፍ ላይ ሥዕሉን አይታለች፤ እንስሳውን ግን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ያን ጊዜ ካምፓላ ሚናራ ላይ የሰማነው ቃል ትዝ አለን። የከተማውን ልጆች ሁኔታ ስትነግረን የራሷንም እየነገረችን ኖሯል።

በመመለሻው መንገድ ሕፃናቱ ሲያንቀላፉ ሦስታችን ብዙ ተነጋገርን። አባት ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል ሲያጣ ልጁ እጁን ይዛ፣ «አባባ፣ እኔ መቶ ጊዜ ብናገር ልጆቹ አንድ የተኮሰ ሰው ሲመሰክር እንደሚሰሙት አይሰሙኝም። ዛሬ የሠሩት ሥራ የእኔን የአንድ ወር ሥራ ያህላል» አለችው። የሀገራችን ሰው «የተማረ ይግደለኝ» ይላል። እኛ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ሆነን፣ የዱር እንስሳ አንደበት ቢኖረው «የተማረ ይማረኝ» ይል ነበር አልን። ሙያዋን እንድትለውጥ ልንመክራት ይዘነው የመጣነውን ቃል አንዳችንም አላነሣነውም።

ውድ የሠራዊቱ ባልደረቦችና እመቤቶች፤ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርካችን በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ፤ ብዙ ተደክሞበት በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ዋልያ በዓለም ላይ ከሀገራችን በቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ ቦታ የለም። የእግር ኳስ ቡድናችንን ዋልያዎቹ እያልን እንጠራለን። ካምፓላ የኢምፓላን ስም ይዛ እንስሳውን ለማየት ልጆቿን የግማሽ ቀን መንገድ ትወስዳለች፤ እነርሱስ የሚሄዱበት ምቡሮ አላቸው። የዋልያ ስም በማሊያ ላይ ብቻ ቢቀር ግን ልጆቻችንን የምንወስድበት ሌላ ሀገር የለም።

ሠራዊት የሚሰፍረው አብዛኛውን ጊዜ እንስሳት በሚገኙበት በረሃና ጫካ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጠባቂ መሆን የምንችለው እኛው ነን፤ የመጀመሪያው አጥፊም እንዲሁ። ጓድህ ለጨዋታ ሲያነጣጥር አታጨብጭብ፤ ጭብጨባው ከጥይቱ ይበልጥ ይገድላል። እመቤቶችም፣ የአቦሸማኔና የአንበሳ ግልገል እየያዘ ለሽያጭ የሚያቀርብ ሰው ወደ ካምፑ ሲመጣ ለልጆች መጫወቻ ይሆናል ብላችሁ አትግዙ። ግልገሉን ለመያዝ እናቱ መገደሏን አስቡ፤ የተሸጠ አንድ ግልገል ሌላ ግልገል ያስይዛል። ልጆቻችሁንም በአካባቢያችሁ ያለውን እንስሳ በስሙ አስጠሩ፤ ከተቻለም ወስዳችሁ አሳዩ።

ልጃችን ልምምዷን ጨርሳ በሚመጣው ዓመት ትመረቃለች። ወደ ሀገሯ ስትመለስ መጀመሪያ የምንሄደው ወደ አዋሽ ፓርክ ነው፤ ሳላ ልናሳያት። አባት መነጽሩን ይይዛል፤ እናት ምሳውን ትቋጥራለች። ጠመንጃው በቤት ይቀራል።